መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳ ላለ የራክ ሰርቨር፦ ከሶኬቱ እስከ ማዘርቦርዱ የመፈተሻ ቅደም ተከተል

«መብራት ሄዶ መጣ፤ ሰርቨሩ ግን አልነሳ አለ። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን?» ከቃሊቲ፣ ከገላን፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው። ማዘርቦርድ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ከእሱ በፊት ግን የሚጠረጠሩ ብዙ ናቸው፦ የወረደ ብሬከር፣ ባትሪው አልቆ ራሱን የዘጋ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚመግበው መሣሪያ)፣ የላላ ገመድ፣ የሞተ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኃይል ለማሽኑ እንዲሆን የሚለውጠው ክፍል)። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን ካፋለሱት ደህናውን ማሽን ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውላሉ፤ ብልሽቱ ግን ግድግዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

ምሳሌዎቹ ከዴል ፓወርኤጅና ከኤችፒ ፕሮላያንት የተወሰዱ ናቸው። ማርካው ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው፤ የጠቋሚ መብራቶቹን ቀለም ትርጉም ግን ከማሽኑ መመሪያ ያመሳክሩ።

ይዘው የሚሄዱት ዕቃ

- መልቲሜትር 1፤ እስከ 600 ቮልት ኤሲ የሚለካ፣ የገመዶቹ ሽፋን ያልተላጠ
- ደህንነታቸው የተረጋገጠ የኃይል ገመዶች 2፤ አብዛኞቹ ሰርቨሮች ሲ13 የተባለውን ጫፍ፣ ትልልቅ ፓወር ሰፕላይ ያላቸው ደግሞ ሰፋ ያለውን ሲ19 ይወስዳሉ
- ባለመስቀል ካቻቢቴ ቁጥር 2፣ እንዲሁም ባለኮከብ ቲ10 እና ቲ15
- የስታቲክ መከላከያ የእጅ ማሰሪያ 1
- ሲአር2032 ባትሪ 1
- ላፕቶፕና 2 ሜትር የኔትወርክ ገመድ
- ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ እስክሪብቶ
- ኬትል ወይም ካውያ 1፤ ለሻይ አይደለም፣ ደረጃ 2 ላይ ይፈለጋል
- ከተገኘ ተመሳሳይ ሞዴልና ዋት ያለው ትርፍ ፓወር ሰፕላይ 1

ከመውጣትዎ በፊት የማሽኑን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። የገመዱን ጫፍና የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ሳያዩ ሄደው ዕቃ ፍለጋ ወደ መርካቶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል።

ማስጠንቀቂያ

ፓወር ሰፕላይን ራሱን ፈትተው አይክፈቱ። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ዲሲ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይዞት ይቆያል። ይህ ዕቃ የሚቀየር እንጂ ቢሮ ውስጥ የሚጠገን አይደለም።

የሰርቨሩን ክዳን ከማንሳትዎ በፊት ሁለቱንም የኃይል ገመድ ይንቀሉ። አንዱን ብቻ ቢነቅሉ ሌላው ማሽኑን እየመገበ ነው።

በዲስክ የተሞላ ባለ 2ዩ (ራኩ ላይ ሁለት ቁመት የሚይዝ) ሰርቨር 25 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከራክ የሚያወጡት ለሁለት ሆነው ነው። ራኩ ወለል ላይ ካልታሰረ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰርቨር በሐዲዱ ወደ ፊት አይሳቡ፤ ሙሉ ራክ ወደ ፊት ይዘነበላል።

የቆጣሪ ሳጥንና የዋናው መስመር ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ሶኬት ላይ መለካት ይችላሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ አይሂዱ።

ደረጃ 1፦ «አይነሳም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይለዩ

ምንም ሳይነኩ የማሽኑን ፊትና ጀርባ ለ1 ደቂቃ ይመልከቱ። ቃሉ አራት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል፦

ሀ. ከፊትም ከኋላም አንድም ጠቋሚ አይበራም። ኃይል አልደረሰም፤ ደረጃ 2፣ 3 እና 4 ይመለከትዎታል።

ለ. ከኋላ ጠቋሚ አለ፣ ማብሪያው ሲጫን ግን ምንም የለም። ወደ ደረጃ 5 ይለፉ።

ሐ. ፋኖቹ ዞር ብለው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጸጥ ይላሉ። ደረጃ 4ን ሠርተው ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

መ. ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ይህ የኃይል ችግር አይደለም፤ በመጀመሪያ ሞኒተሩንና ገመዱን፣ ቀጥሎ ራሙን ይፈትሹ። ይህ መመሪያ ስለ እሱ አይደለም።

ይህ ልዩነት ለምን ይጠቅማል? ሰርቨር ጠፍቶም ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ አነስተኛ የስታንድባይ ኃይል ይሰጣል፤ ያ ኃይል በዴል አይድራክ፣ በኤችፒ አይሎ የሚባለውን የማስተዳደሪያ ክፍል ያስነሳል። ስለዚህ የማስተዳደሪያው የኔትወርክ ወደብ ላይ ጠቋሚ ካለ ወይም በኤችፒ ማብሪያው ብርቱካንማ ሆኖ ከቆመ፣ ግድግዳው፣ ገመዱና ቢያንስ አንዱ ፓወር ሰፕላይ እስከ ስታንድባይ ድረስ እየሠሩ ነው ማለት ነው። በአንድ እይታ ግማሹን ተጠርጣሪ ነጻ አወጡ።

ደረጃ 2፦ ሶኬቱን ይለኩ

መብራት መኖሩን በክፍሉ አምፖል አይፍረዱ። አምፖሉና የራኩ ሶኬት በተለያየ ብሬከር፣ አንዳንዴም በተለያየ ፌዝ ላይ ናቸው።

መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ሦስት ነገር ይለኩ፦ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኧርዝ፣ ኒውትራል ከኧርዝ።

- ፌዝ ከኒውትራል ከ200 እስከ 240 ቮልት ከሆነ ደህና ነው።
- ዜሮ ከሆነ ብሬከሩን ይዩ። የወረደውን ብሬከር አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ያድርጉ፤ ወዲያው ተመልሶ ከወረደ ሾርት አለ፣ ደግመው አያንሱት።
- ከ180 በታች ከሆነ ብዙ ሰው ፓወር ሰፕላዩን ይጠረጥራል። የአብዛኛው ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ይችለዋል። የማይችለው መሃል ላይ ያለው ዩፒኤስ ወይም ስታብላይዘር ነው፤ እሱ ቆርጦ ይወጣል።
- ከ250 በላይ ከሆነ ምንም አይሰኩ፣ የተሰካውንም ይንቀሉ። በባለ 380/220 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራሉ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ቮልቴጁ እንደየፌዙ ጭነት ይከፋፈላል፤ ጭነት ያነሰበት ፌዝ ወደ 380 ያሻቅባል። በዚያው ሰዓት አምፖሎች ተቃጥለው፣ የሌላ ክፍል ቻርጀሮችም ሞተው ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ኒውትራሉ ሳይጠገን አዲስ ፓወር ሰፕላይ መግጠም ሁለተኛውን ማቃጠል ነው።
- ኒውትራል ከኧርዝ ከ5 ቮልት ካለፈ፣ ወይም ፌዝ ከኧርዝ ምንም ካልታየ፣ ኧርዙ የለም ወይም ኒውትራሉ ላልቷል። ኧርዝ የሌለው ሰርቨር ይነሳል፤ ነገር ግን የብረት ሳጥኑ ሲነኩት ይነዝራል። ይህ በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ፊልተር በኩል የሚመጣ ነው፤ «ማሽኑ ሾርት አድርጓል» ብለው አይደምድሙ፣ ኧርዙን ያሠሩ።

አሁን ኬትሉን ያውጡ። ያለ ጭነት የተለካ 220 ቮልት ሊያታልል ይችላል፤ በአንድ ክር የተያያዘ የላላ ሽቦም መልቲሜትር ላይ 220 ያሳያል። ኬትሉን በግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክተው ውሃ እያፈላ አጠገቡ ያለውን ሶኬት ይለኩ። ቮልቴጁ ከ15 ቮልት በላይ ከወረደ ሽቦው ቀጥኗል፣ ርቋል ወይም መጋጠሚያው ላልቷል። በከተማው ዳር ባሉ ግቢዎች ደግሞ ሌላም ነገር ይታይ፦ የሠራተኛ ክበቡ የእንጀራ ምጣድ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው ወይ? አንድ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ጠዋት እንጀራ ሲጋገር የሚጠፋ፣ ከሰዓት በኋላ «በራሱ የተሻለው» ሰርቨር ሕመሙ ይኸው ነው። የራኩን መስመር ከቆጣሪው ለብቻው ማስጎተት ያስፈልጋል።

ኬትሉን ዩፒኤስ ላይ እንዳይሰኩት።

ደረጃ 3፦ ዩፒኤሱንና የራኩን ማከፋፈያ ይለፉ

በረጅም መጥፋት ባትሪው ያለቀ ዩፒኤስ መብራት ሲመጣ ሁልጊዜ በራሱ አይነሳም። አንዳንዱ ማብሪያው እንዲጫን ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግድግዳው ላይ 220 ቮልት እያለም አልነሳም ይላል። የዩፒኤሱን መውጫ ይለኩ። መግቢያው ላይ ኃይል ካለና መውጫው ላይ ከሌለ ሰርቨሩ ንጹሕ ነው።

ለማረጋገጥ የሰርቨሩን አንድ ገመድ በደረጃ 2 ጤነኛ መሆኑ በታወቀው የግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰኩ። ይህ ለምርመራ ብቻ ነው፤ በዚያው አይተዉት።

የዩፒኤስን አቅም በቪኤ አያስሉ። 1500 ቪኤ የሚል ብዙውን ጊዜ 900 ዋት አካባቢ ነው። ሰርቨር ሲነሳ ፋኖቹ ሁሉ በሙሉ ፍጥነት ስለሚዞሩ፣ ሁለት ሰርቨር አንድ ላይ ሲነሱ ዩፒኤሱ ከአቅም በላይ ብሎ ይዘጋል። አንዱን አስነስተው 3 ደቂቃ ቆይተው ሌላውን ይሞክሩ።

ጀነሬተር ካለ ይህንንም ያዳምጡ፦ ጀነሬተሩ ተነስቶ እየሠራ ዩፒኤሱ መጮኹን ካላቆመ፣ የጀነሬተሩን ፍሪኩዌንሲ ወይም ቮልቴጅ አልተቀበለውም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቆ ይጠፋል። መፍትሔው የጀነሬተሩን ፍጥነት ወደ 50 ኸርዝ ማስተካከል ነው። ዩፒኤስ መቀየር አያድንዎትም።

ራኩ ውስጥ ያለው የኃይል ማከፋፈያ (ፒዲዩ) ጎን ላይ ትንሽ የመከላከያ ቁልፍ አለው፤ ወጥታ ከተገኘች ይጫኗት። በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር ተቀጥሎ ካገኙ ሁለተኛውን ያስወጡት፤ መጀመሪያ የሚላላውና የሚቀልጠው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ፓወር ሰፕላዮቹን አንድ በአንድ

1. ሁለቱንም ገመድ ነቅለው 30 ሰከንድ ይጠብቁ። ፓወር ሰፕላይ ሾርት ወይም ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሲያይ ራሱን ይቆልፋል፤ ቁልፉ የሚፈታው ውስጡ ያለው ኃይል ሲያልቅ ነው።
2. ሁለቱንም ፓወር ሰፕላይ በመያዣው ስበው ያውጡ። የኋላውን የወርቅማ ጥርስ በእጅ ባትሪ ይዩ፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ካለ እዚያው ያቁሙ። መግቢያውን በብሩሽ ይጥረጉ። ያልተነጠፈ መንገድ ዳር ባለ ግቢ አቧራው ወፍራም ነው፤ በክረምት እርጥበት ሲገባበት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ገመዱን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ይዳስሱ፤ አይጥ የቆረጠው ከራኩ ጀርባ አይታይም።
3. አንዱን ፓወር ሰፕላይ ብቻ በ1ኛው ቦታ፣ እስኪቆልፍ ድረስ ገፍተው ይግጠሙ። በተረጋገጠው ገመድ ይሰኩት።
4. ጠቋሚውን ያንብቡ። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ካልበራ ኃይል አልገባውም ወይም ሞቷል። በዴል ብርቱካንማ ብልጭ ድርግም ካለ ፓወር ሰፕላዩ ችግር አለበት፤ ሁለቱ አብረው ሲገጠሙ አረንጓዴው ጥቂት ጊዜ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ግን ፓወር ሰፕላዮቹ አይመሳሰሉም ማለት ነው።
5. ያንኑ ፓወር ሰፕላይ ወደ 2ኛው ቦታ ያዛውሩት። ከዚያ ሌላኛውን በሁለቱም ቦታ ይሞክሩ።

አምስተኛው ተራ አሰልቺ ይመስላል፤ ፍርዱ የሚገኘው ግን ከእሱ ነው። ብልሽቱ ፓወር ሰፕላዩን ተከትሎ ከሄደ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ቦታውን ተከትሎ ከቀረ ሰሌዳው ነው። የትኛውን ዕቃ እንደሚገዙ የሚወስነው ይህ አራት ሙከራ ነው።

የተቃጠለ ሽታ ያለውን ፓወር ሰፕላይ ግን «እስኪ እዚያ ልሞክረው» ብለው በጤነኛ ሰርቨር ላይ አይግጠሙ።

አዲስ ሲገዙ ዋቱ ብቻ አይበቃም። ላዩ ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር በሙሉ ፎቶ አንስተው ይሂዱ። 750 እና 495 ዋት ቀላቅለው አይግጠሙ፤ ቅርጻቸው ስለተገጣጠመ ይሠራሉ ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ስታንድባይ አለ፣ ማብሪያው አይሰማም

ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ የማስተዳደሪያው ክፍል በግማሽ ተነስቶ ይቀራል። ማብሪያውን የሚሰማው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ፦

1. ሁለቱንም ገመድ ይንቀሉ።
2. ማብሪያውን 20 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። በሰሌዳው ላይ የቀረውን ኃይል ያወጣል።
3. 1 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ገመዶቹን መልሰው ይሰኩ።
4. ሙሉ 2 ደቂቃ ምንም አይንኩ። አይድራክም ሆነ አይሎ እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል። በ10ኛው ሰከንድ ማብሪያውን ደጋግሞ መጫን ከሁሉ የበዛው ስህተት ነው።
5. ማብሪያውን አንድ ጊዜ ይጫኑ።

ካልሆነ ላፕቶፑን በማስተዳደሪያው ወደብ ይሰኩ። በቀደሙት የዴል ሞዴሎች የአይድራክ መነሻ አድራሻ 192.168.0.120 ነው፤ ላፕቶፑን 192.168.0.10 ይስጡት። አይሎ አድራሻውን ከኔትወርኩ ይቀበላል፤ መነሻ ስሙና ይለፍ ቃሉ በማሽኑ ላይ በተንጠለጠለ ወይም በተለጠፈ ካርድ ላይ ተጽፏል። ሎጉን ከፍተው መብራት የጠፋበትን ሰዓት ይፈልጉ፤ የትኛው ፓወር ሰፕላይ ግቤት እንዳጣ፣ የትኛው ክፍል እንደወደቀ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያው ገጽ ማሽኑን ለማብራት ይሞክሩ። ከገጹ ከተነሳ ጥፋቱ የማብሪያው ቁልፍ ወይም ወደ ፊት ፓነሉ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው፤ ገመዱን ነቅሎ በደንብ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በኤችፒ ጄን9 እና ጄን10 ላይ የፊት ፓነሉ ጠቋሚዎች አብረው ብልጭ ድርግም ካሉ ይቁጠሩ፦ 1 ማዘርቦርድ፣ 2 ፕሮሰሰር፣ 3 ራም፣ 4 የራይዘር ካርዶች (ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩባቸው)፣ 8 የፓወር ወይም የዲስክ ባክፕሌን (ፓወር ሰፕላዮቹ ወይም ዲስኮቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ 9 ፓወር ሰፕላይ። ቆጠራው ይደጋገማል፤ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ይጻፉት።

ደረጃ 6፦ ክዳኑን ማንሳትና ማራቆት

ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ማሽን ብዙ ጊዜ አንድ ሾርት ያደረገ ክፍል አለው። ፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልቱን ሲሰጥ ሾርቱን ያያል፣ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ጥፋተኛውን የሚያገኙት ሁሉንም አውጥተው አንድ በአንድ በመመለስ ነው።

ገመዶቹን ይንቀሉ፣ የእጅ ማሰሪያውን ከራኩ ብረት ያያይዙ። በደረቁ የበጋ ወራት ስታቲክ ይበረታል፤ ማሰሪያው ለይስሙላ አይደለም።

- እያንዳንዱ ዲስክ ላይ በፕላስተር ቁጥር ጽፈው 3 ሴንቲሜትር ብቻ ወደ ውጭ ይሳቡ፤ ጨርሶ ማውጣት አያስፈልግም። ቁጥሩ ሳይጻፍ አንድም ዲስክ አይንቀሳቀስ። ዲስኩ በተለያየ ቦታ ተመልሶ ሬይዱ (ዲስኮቹን እንደ አንድ የሚያሠራው ቅንጅት) ቢታወክ ከኃይል ችግር ወደ መረጃ መጥፋት ተሻገሩ ማለት ነው።
- የራይዘር ካርዶችን፣ የተጨመሩ የኔትወርክ ካርዶችንና ዩኤስቢ ላይ የተሰካውን ሁሉ ያውጡ።
- 1ኛው ፕሮሰሰር እንዳለ ሆኖ አንድ ራም ብቻ በመጀመሪያው ቦታ ያስቀሩ፤ በዴል ኤ1 ተብሎ የተጻፈበት ነው። በኤችፒ ትክክለኛው ቦታ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ሥዕል ላይ ይነበባል።
- ፋኖቹን አያውጡ። ብዙ ሰርቨር ፋን ከጎደለው አይነሳም ወይም ተነስቶ ይዘጋል።

ክዳኑን መልሰው፣ በአንድ ፓወር ሰፕላይ ያስነሱ። ከተነሳ አጥፍተው፣ ገመድ ነቅለው፣ አንድ ዕቃ ይመልሱ፤ እንደገና ያስነሱ። ሁለት አንድ ላይ ከመለሱ ሲጠፋ የቱ እንደሆነ አያውቁም። የተራቆተው ማሽን ካልተነሳ ራሙን በሌላ ይለውጡ። አሁንም ካልሆነ፣ ፓወር ሰፕላዮቹ በደረጃ 4 ካለፉ፣ የቀሩት ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና የፓወር ሰሌዳው ናቸው። ማዘርቦርዱን መጠርጠር የሚገባው እዚህ ሲደርሱ ነው።

ማሽኑ የሚጠፋው በሰከንድ ሳይሆን ከብዙ ደቂቃ በኋላ ከሆነ ሙቀቱን ያስቡ። ብዙ የዴል ሞዴሎች 35 ዲግሪ የሚፈቅዱት እስከ 950 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ 2350 ሜትር ከፍታ ላይ የሚፈቀደው ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች መስኮት አልባ ክፍል ይህን ከሰዓት በኋላ በቀላሉ ታልፈዋለች።

ደረጃ 7፦ ባትሪውና ባዮሱ

ሲአር2032ን አውጥተው ይለኩት። አዲሱ 3 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከ2.8 በታች ከሆነ ይቀይሩት። ገመድ ተነቅሎ 5 ደቂቃ ያለ ባትሪ ቢቆይ የተበላሸ የባዮስ (የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም) ቅንብርም ሊጸዳ ይችላል። ይህን የመጨረሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅንብሩ ሲጠፋ ቡት የሚያደርግበት ዘዴ ተለውጦ፣ የተነሳው ሰርቨር ዊንዶውሱን ወይም ሊኑክሱን አላገኘሁም ሊል ይችላል። ከተነሳ በመጀመሪያ ሰዓትና ቀኑን፣ ቀጥሎ የቡት ዘዴውን ያስተካክሉ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ በሽቦ አገናኝቶ የሚፈተንበት ዘዴ ሰርቨር ላይ አይሠራም፤ የጥርሶቹ አደራደር ሌላ ነው፣ ሾርት ያደርጉታል። «ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው» ተብሎ ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር መሰካት ደግሞ ሁለተኛውን ጌጥ ማድረግ ነው፤ አንዱ በዩፒኤሱ፣ ሌላው በሌላ መስመር ይሁን። የተቃጠለ ፊዩዝ በወፍራም ሽቦ መተካት ቀጣዩ የሚቃጠለው ራሱ ገመዱ እንዲሆን መፍቀድ ነው።

ደረጃ 8፦ ከተነሳ በኋላ

ሁለቱም ፓወር ሰፕላይ አረንጓዴ መሆናቸውን ይዩ። አንዱን ገመድ ነቅለው ማሽኑ መቆየቱን፣ መልሰው ሌላውን ነቅለው መቆየቱን ያረጋግጡ።

ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብተው መብራት ሲመለስ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ይወስኑ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ይነሳ፣ ጠፍቶ ይቆይ፣ ወይም ከመጥፋቱ በፊት ወደነበረበት ይመለስ። «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ የተቀመጠ ሰርቨር ጤነኛ ሆኖ ሳለ «አልነሳ አለ» ተብሎ ቴክኒሻን ያስጠራል። «ይነሳ» ካደረጉት ግን መዘግየት ይጨምሩለት። የተመለሰ መብራት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደጋግሞ ሄዶ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ የሚነሳና የሚወድቅ ሰርቨር ፓወር ሰፕላዩንም ዲስኩንም ይጎዳል። ኤችፒ እስከ 60 ሰከንድ ቋሚ ወይም እስከ 120 ሰከንድ የሚደርስ የዘፈቀደ መዘግየት ይሰጣል፤ ዴልም ተመሳሳይ ምርጫ አለው። ብዙ ሰርቨር ባለበት ራክ ለእያንዳንዱ የተለያየ ሰከንድ ይስጡ፤ ዋናውን ዲኤችሲፒና ዲኤንኤስ (ለሌሎቹ የኔትወርክ አድራሻ የሚሰጠውንና ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) የያዘውን በመጀመሪያ ያስነሱ።